በቀዶ ሕክምና ሥልጠና ወቅት የሚካሄድ ምርምርና የኋለኛው የሙያ ሕይወት፦ ከአሜሪካ የሥልጠና ታሪክ የተነሣ ዳሰሳ

አጠቃሎ

ይህ ጥናት ቀዶ ሐኪሞች በስፔሻሊቲ ሥልጠናቸው ወቅት የሚያካሂዱት ምርምር ከኋለኛው የሙያ ሕይወታቸው ጋር ያለውን ግንኙነት ይፈትሻል። መነሻው በአሜሪካ በሠልጣኝ ሐኪሞች ዘንድ ሥር የሰደደው «የምርምር ዓመት» ነው። ጥናቱ ሁለት ዓይነት ማስረጃዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ መርምሯል፤ አንደኛው የታወቁ ቀዶ ሐኪሞች የሙያ ታሪክ ሲሆን ሁለተኛው በ2009 የታተመ ሀገር አቀፍ የቁጥር ጥናት ነው። ከትንተናው እንደታየው በሥልጠና ወቅት የተጀመረ ምርምር ወደ ኋለኛው ሕይወት የሚሸጋገረው ቢያንስ በሦስት መንገዶች ነው፤ በጥያቄው፣ በዘዴው እና በግንኙነቱ። ይሁን እንጂ ተዛምዶው ብቻውን ምክንያትን አያረጋግጥም፤ ወደ ምርምር የሚገቡት ሠልጣኞች አስቀድሞም ከሌሎቹ የተለዩ ሊሆኑ ይችላሉና። በመጨረሻም ጥናቱ ከኢትዮጵያ የመመረቂያ ጥናት ልምድ ጋር በማገናዘብ የመፍትሔ ሐሳቦችን ያቀርባል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ ቀዶ ሕክምና፣ የስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ የምርምር ዓመት፣ የሙያ ሕይወት፣ የምርጫ አድልዎ

1. መግቢያ

ቀዶ ሕክምና ከሕክምና ዘርፎች ሁሉ ይልቅ የእጅ ሙያ ነው። የሠልጣኙ እጅ የሚፈታው በሥራ ነው፤ ዳኝነቱም የሚበስለው በታካሚው አልጋ አጠገብ በሚያሳልፋቸው ሌሊቶች ነው። በአሜሪካ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሠልጣኝ አምስት የክሊኒክ ዓመታትን መፈጸም ይጠበቅበታል። ከእነዚህ ሠልጣኞች መካከል ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ሰዎች ግን በሥልጠናው መካከል ቢላዋቸውን አስቀምጠው ለአንድ፣ ለሁለት ወይም ከዚያ ለበለጠ ዓመት ወደ ላቦራቶሪ ወይም ወደ መረጃ ትንተና ይሄዳሉ። ከዚያም ተመልሰው ሥልጠናቸውን ይቀጥላሉ።

ይህ ልማድ ዋጋ ያስከፍላል። ሠልጣኙ በሠላሳዎቹ ዕድሜው፣ ምናልባትም የትምህርት ብድርና ቤተሰብ ይዞ፣ ሙሉ ደመወዝ የሚያገኝበትን ጊዜ ያራዝማል። ሆስፒታሉ የሠለጠነ እጅ ለጊዜው ያጣል። ለምርምሩ የሚወጣው ገንዘብም በአብዛኛው ከትምህርት ክፍሉ ወይም ከሕዝብ ካዝና ነው። ስለዚህ «የምርምር ዓመቱ በእርግጥ ምን ያፈራል?» የሚለው ጥያቄ የሠልጣኙን ዕድሜ፣ የተቋሙን ገንዘብና የታካሚውን ጥቅም የሚነካ ነው።

2. የጥናቱ ዓላማና ዘዴ

የጥናቱ ዓላማ በሥልጠና ወቅት የሚካሄድ ምርምር በኋለኛው የሙያ ሕይወት ላይ አሻራውን የሚያሳርፍባቸውን መንገዶች ለይቶ ማሳየትና የማስረጃዎቹን ጥንካሬ መመዘን ነው። ዘዴው የሰነድ ፍተሻ ነው። የሙያ ታሪካቸው የተመረመረው ሐኪሞች በሕክምና ታሪክ ስማቸው የገነነ ናቸው። ይህም ራሱ ውስንነት አለው፤ ከእነርሱ ጋር በአንድ ላቦራቶሪ ሠርተው ስማቸው ያልተነሣ ሰዎች ከስሌቱ ውጪ ናቸው። በመሆኑም የሙያ ታሪኮቹ የቀረቡት የምርምር ዓመት ውጤታማ መሆኑን እንዲያረጋግጡ ሳይሆን ውጤት በሚገኝበት ጊዜ በየትኛው መንገድ እንደሚገኝ እንዲያመለክቱ ነው።

3. የምርምር ዓመት አመጣጥ

የአሜሪካን የቀዶ ሕክምና ሥልጠና መልክ ያስያዙት ዊልያም ሃልስተድ ናቸው። ሃልስተድ ከ1878 እስከ 1880 ጀርመንኛ ተናጋሪ በሆኑ የአውሮፓ ሀገሮች ሆስፒታሎች ቆይተው ነበር። በዚያም የቀዶ ሕክምና ትምህርት ከሥነ አካልና ከሥነ ሕይወት ላቦራቶሪዎች ጋር ተጋብቶ ተመለከቱ። በ1889 በተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ደረጃ በደረጃ የሚወጣ፣ ረጅምና ጥብቅ ሥልጠና ዘረጉ፤ በ1904 በዬል ዩኒቨርሲቲ ስለ ቀዶ ሐኪም አሠለጣጠን ባደረጉት ንግግርም ሐሳባቸውን በይፋ አብራሩ። የሥርዓቱ ግብ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ብቻ ሳይሆኑ ቀዶ ሕክምናን የሚያስተምሩና የሚያሻሽሉ ሰዎችን ማፍራት ነበር።

ሐሳቡን ወደ ዳር ያደረሱት ደግሞ ከ1930 እስከ 1967 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ክፍልን የመሩት ኦወን ዋንገንስቲን ናቸው። እርሳቸው ሠልጣኞቻቸው በላቦራቶሪ ረዘም ያለ ጊዜ እንዲያሳልፉና ብዙዎቹም ከክሊኒክ ሥልጠናው ጎን የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ዲግሪ እንዲይዙ አደረጉ። የሕክምና ክፍሉ ከሞሪስ ቪሸር የፊዚዮሎጂ ክፍል ጋር በቅርብ ይሠራ ስለነበር ሠልጣኙ ከቀዶ ክፍሉ ሲወጣ የሚገባበት በር ዝግጁ ነበር። በ1974 የአሜሪካ ኮንግረስ ያወጣው የብሔራዊ የምርምር አገልግሎት ሽልማት ሕግ በብሔራዊ የጤና ተቋማት በኩል ለምርምር ሥልጠና የሚሰጠውን ድጋፍ በሕግ አጸና፤ የምርምር ዓመትም ከጥቂት መሪዎች ራእይ ወደ ተለመደ አሠራር ተሸጋገረ።

4. ምርምሩ ወደ ኋለኛው ሕይወት የሚሸጋገርባቸው መንገዶች

4.1 ጥያቄው ሲከተል

አንዳንድ ጊዜ በሥልጠና ዘመን የተነሣ ጥያቄ ሐኪሙን ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። ሃርቪ ኩሺንግ በሃልስተድ ሥር ከሠለጠኑ በኋላ ከ1900 እስከ 1901 ወደ አውሮፓ ሄዱ። በስዊዘርላንድ በበርን ከተማ ከቴዎዶር ኮኸር ጋር ሲሠሩ በእንስሳት ላይ ባካሄዱት ሙከራ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር የደም ግፊትም አብሮ እንደሚያሻቅብ አሳዩ። ይህ ክስተት እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ኩሺንግ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው የአንጎል ቀዶ ሕክምናን ራሱን የቻለ ዘርፍ ለማድረግ ሲነሡ መሠረት የሆናቸው የዚያ ዓመት ጥያቄ ነበር፤ በተዘጋ የራስ ቅል ውስጥ ያለን ግፊት እንዴት መረዳትና መቆጣጠር ይቻላል?

የጆን ጊበን ታሪክ ይበልጥ ግልጽ ነው። ጊበን ከሕክምና ትምህርት ቤት ከተመረቁ ጥቂት ዓመታት በኋላ በቦስተን በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል በኤድዋርድ ቸርችል ሥር የምርምር ሠልጣኝ ሆነው ሳለ፣ የረጋ ደም የሳንባዋን ደም ሥር የዘጋባትን አንዲት ታካሚ ሌሊቱን ሙሉ እንዲከታተሉ ተመደቡ። ታካሚዋ በቀዶ ሕክምናም አልዳነችም። በዚያ ሌሊት በወጣቱ ሐኪም አእምሮ የተጫረው ሐሳብ የታካሚውን ደም ከሰውነት አውጥቶ፣ ኦክስጅን ሰጥቶ የሚመልስ መሣሪያ መሥራት ነበር። በ1935 ከባለቤታቸው ከሜሪ ጊበን ጋር ሆነው የአንዲትን ድመት የልብና የሳንባ ሥራ ለጊዜው በማሽን መተካት ቻሉ። ከጦርነቱ ዘመን መቋረጥ በኋላ ሥራውን ቀጥለው ግንቦት 6 ቀን 1953 በፊላዴልፊያ የአንዲት የ18 ዓመት ወጣት የልብ ቀዳዳ በዚሁ ዓይነት ማሽን እየታገዙ ዘጉ። ከመጀመሪያው ሐሳብ እስከዚያ ቀን ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል። የምርምር ዓመትን ፍሬ በሁለትና በሦስት ዓመት ልቆ የማይሄድ መለኪያ ለሚመዝን ሰው ይህ ታሪክ ማሳሰቢያ ነው።

4.2 ጥያቄው ሲቀር ዘዴው ሲቀጥል

ሁለተኛው መንገድ ርእሱ ተቀይሮ የአሠራር ዘዴው የሚሸጋገርበት ነው። በሚኒሶታ መስከረም 2 ቀን 1952 ጆን ሉዊስ የአንዲትን የአምስት ዓመት ሕፃን የሰውነት ሙቀት ዝቅ አድርገው የልቧን ቀዳዳ በዓይን እያዩ ዘጉ። በዚያው ክፍል የሠለጠኑትና በ1956 ዶክትሬታቸውን ያገኙት ኖርማን ሻምዌይ የማቀዝቀዝን ዘዴ ይዘው ወደ ካሊፎርኒያ ሄዱ። በስታንፎርድ ከሠልጣኙ ሪቻርድ ሎወር ጋር የውሻን ልብ በማቀዝቀዝ ለአንድ ሰዓት ያህል ያለ ደም እንዲቆይ የሚያደርግ ሙከራ ያካሂዱ ነበር። ልብን ለዚያን ያህል ጊዜ ጠብቆ ማቆየት ከተቻለ ቆርጦ አውጥቶ መልሶ መስፋትም ይቻላል የሚለው ሐሳብ የመነጨው ከዚሁ ነው። በ1960 ያሳተሙት የውሻ ልብ ንቅለ ተከላ ጥናት የዘርፉ መሠረት ሆነ። ሻምዌይ ጥር 6 ቀን 1968 በአሜሪካ የመጀመሪያውን የአዋቂ ሰው የልብ ንቅለ ተከላ አካሄዱ። በቀጣዮቹ ዓመታት አካል የተተከለለትን ልብ ባዕድ አድርጎ ስለሚዋጋው ብዙ ማእከሎች ሥራውን ሲተዉ የእርሳቸው ቡድን ወደ ላቦራቶሪው ተመልሶ ችግሩን እያጠና ቀጠለ። በላቦራቶሪ ያደገ ሐኪም ከታካሚ ሞት በኋላ የሚሄድበት ስፍራ ነበረው።

የክርስቲያን ባርናርድ ምሳሌ ደግሞ ሌላ ገጽታ አለው። ባርናርድ ከደቡብ አፍሪካ ወደ ሚኒሶታ ተጉዘው እስከ 1958 በዋንገንስቲን ሥር ቆዩ። የዶክትሬት ጥናታቸው ስለ ልብ አልነበረም፤ አንዳንድ ሕፃናት አንጀታቸው ተቋርጦ ወይም ተዘግቶ የሚወለዱበትን ምክንያት የሚመለከት ነበር። ቀደም ሲል በኬፕ ታውን ከሎው ጋር በ1955 ያሳተሙት ሙከራ ችግሩ በጽንሱ አንጀት የደም አቅርቦት መቋረጥ እንደሚመጣ አሳይቷል። ከዚህ ግኝት በመነሣት ደም በቅጡ የማይደርሰውን የአንጀት ጫፍ ቆርጦ ማስወገድ የቀዶ ሕክምናው አካል ሆነ። ዓለም የሚያውቃቸው ግን ታኅሣሥ 3 ቀን 1967 በግሩት ስኩር ሆስፒታል ባካሄዱት የመጀመሪያው የሰው ለሰው የልብ ንቅለ ተከላ ነው። ወደዚያ ያደረሳቸው የዶክትሬት ርእሳቸው ሳይሆን በሚኒሶታ የተማሩት የልብ ቀዶ ሕክምና፣ ይዘውት የተመለሱት የልብና የሳንባ ማሽን እና በ1966 በሪችመንድ የሎወርን ሥራ በዓይናቸው እንዲያዩ ያስቻላቸው የሙያ ግንኙነት ነው።

4.3 ያልተሳካው ሙከራና ያልታየው እጅ

አልፍሬድ ብላሎክ በጆንስ ሆፕኪንስ የቀዶ ሕክምና ሥልጠናቸውን መቀጠል ሳይችሉ ቀርተው በ1925 ወደ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። የሙያ በራቸውን ዳግም የከፈተላቸው በዚያ በላቦራቶሪ ያካሄዱት የሾክ ምርምር ነው። በዚያው ላቦራቶሪ የሳንባ የደም ግፊትን ለማስነሣት የክንድን ደም ሥር ከሳንባ ደም ሥር ጋር ያገናኙበት ሙከራ የታሰበውን ውጤት አልሰጠም። ይኸው ማገናኛ ግን ከዓመታት በኋላ ሄለን ታውሲግ ባነሡት ሐሳብ መሠረት ኦክስጅን አጥሯቸው ከንፈራቸው የሚጠቁር ሕፃናትን ለማዳን ዋለ፤ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና የተካሄደው ኅዳር 29 ቀን 1944 ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የቪቪየን ቶማስ ስም ሳይነሣ አይታለፍም። ቶማስ በ1930 የላቦራቶሪ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ፤ የሕክምና ትምህርት የመማር ዕድል ያላገኙ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። ሙከራዎቹን በእጃቸው የሠሩት፣ በ1944ቱ ቀዶ ሕክምና ከብላሎክ ጀርባ ቆመው ይመሩ የነበሩት፣ በሆፕኪንስም ትውልድ የተሻገሩ ሠልጣኞችን በላቦራቶሪ ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። የክብር ዶክትሬት የተሰጣቸው በ1976 ነው። ይህ እውነት ለጥናቱ ጥያቄ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። የአንድ ሠልጣኝ የምርምር ፍሬ ሲመዘን የሠልጣኙ ችሎታ ብቻ ሳይሆን በስሙ የማይመዘገብ የሌላ ሰው ሙያም አብሮ ይመዘናል። የሠለጠነ ባለሙያ በሌለበት ላቦራቶሪ የገባ ሠልጣኝ ተመሳሳይ ዓመት አሳለፈ ማለት አይቻልም።

5. ቁጥሮቹ የሚያሳዩት

በ2009 በአናልስ ኦፍ ሰርጀሪ መጽሔት የታተመ ሀገር አቀፍ ጥናት የአሜሪካ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ኃላፊዎችን ጠይቆ ነበር። በውጤቱ መሠረት ከ1,052 ሠልጣኞች መካከል 381ዱ ወይም 36 በመቶው ሥልጠናቸውን አቋርጠው በሙሉ ጊዜ ምርምር ተሰማርተዋል። አማካይ ቆይታቸው 1.7 ዓመት ነበር። በወቅቱ በየዓመቱ በምርምር ላይ ለሚገኙ 634 ሠልጣኞች ይከፈል የነበረው 41.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ይህም ለአንድ ሰው በዓመት ከ65 ሺህ ዶላር ጥቂት ከፍ ይል ነበር። ከወጪው 40 በመቶው ይሸፈን የነበረው በትምህርት ክፍሎቹ ገንዘብ ነው።

ለዚህ ጥናት ዋናው ነገር ከሥልጠና በኋላ ያለው ነው። በምርምር ላይ የሚያልፍ እያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት በግል ሕክምና ከሚሰማሩት ቁጥር ላይ ከ15.2 በመቶ ቅናሽ፣ ወደ ንዑስ ስፔሻሊቲ ከሚገቡት ላይ ደግሞ ከ14.7 በመቶ ጭማሪ ጋር ተዛምዶ ታይቷል። ሁለተኛው ቁጥር ልብ ሊባል ይገባዋል። የንዑስ ስፔሻሊቲ ቦታዎች ውድድር የበዛባቸው ናቸው፤ የታተመ ጽሑፍም ለተወዳዳሪው እንደ ማለፊያ ያገለግላል። ስለዚህ የምርምር ዓመት ሁለት ሥራዎችን በአንድ ጊዜ የሚሠራ ይመስላል፤ ተመራማሪ ማፍራትና ተወዳዳሪን መለየት። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ማለፊያ ፍለጋ ወደ ላቦራቶሪ የገባ ሐኪም ማለፊያውን ካገኘ በኋላ ላቦራቶሪውን ቢተው ሊያስገርም አይገባም።

ከዚሁ ጥናት የተገኘ ሌላ ውጤትም አለ። በ2003 የሠልጣኞች የሥራ ሰዓት በሳምንት በ80 ሰዓት ከተገደበ በኋላ 31 በመቶ የሚሆኑ ፕሮግራሞች በምርምር ላይ ባሉ ሠልጣኞች ላይ የክሊኒክ ሥራ ጨምረዋል። የአንዱ ድካም ሲቀንስ ሸክሙ ወደ ሌላው ዞሯል፤ ለምርምር የተባለው ጊዜም ተሸርሽሯል።

6. ውይይት

ከላይ የቀረበው ተዛምዶ በሦስት መልኩ ሊተረጎም ይችላል። የመጀመሪያው ምርምሩ ሐኪሙን ለውጦታል የሚል ነው። ሁለተኛው ወደ ምርምር የሚሄደው ሰው አስቀድሞም በዩኒቨርሲቲ ሕይወት ለመኖር የወሰነ ነው፤ ምርምሩ ፍላጎቱን ገለጠ እንጂ አልፈጠረም የሚል ነው። ይህ የምርጫ አድልዎ ይባላል። ሦስተኛው ውጤቱ የመጣው ከአስተማሪና ከተቋም ስም ነው፤ ዋንገንስቲንን የመሰለ መሪ ያለው ክፍል ሠልጣኙን ላቦራቶሪ ባይልከውም እንኳ በሩን ይከፍትለት ነበር የሚል ነው።

እነዚህን ለመለየት የንጽጽሩ አወቃቀር ወሳኝ ነው። ምርምር የሄዱትን ካልሄዱት ጋር ማነጻጸር ብቻ በቂ አይሆንም። የተሻለው በአንድ ተቋም ውስጥ ምርምር ግዴታ ከመሆኑ በፊትና በኋላ የሠለጠኑትን ማነጻጸር፣ ወይም ለምርምር አመልክተው ዕድሉን ያገኙትን አመልክተው በገንዘብ እጥረት ካላገኙት ጋር ማነጻጸር ነው። በዚህ ሁኔታ በሁለቱም ወገን ያሉት ሰዎች በፍላጎት ይቀራረባሉ፤ ልዩነቱም ይበልጥ ለምርምሩ ሊቆጠር ይችላል።

መለኪያውም ሊታሰብበት ይገባል። የታተሙ ጽሑፎች ቁጥር ለመቁጠር ይቀላል፤ ነገር ግን የጊበንን ሌሊት አይቆጥርም። ከሥልጠና በኋላ በ10 እና በ20 ዓመት ሐኪሙ አሁንም ጥያቄ ይጠይቃል ወይ፣ ሌሎችን አሠልጥኗል ወይ፣ ሥራው የታካሚዎችን አያያዝ ቀይሯል ወይ ብሎ መጠየቅ የበለጠ ያስተምራል። በወረዳ ሆስፒታል የሚሠራ፣ አንድም ጽሑፍ ያላሳተመ፣ ነገር ግን የራሱን ቀዶ ሕክምናዎች ውጤት መዝግቦ ስሕተቱን የሚያርም ሐኪም ከምርምር ሥልጠናው ተጠቃሚ አልሆነም ማለት አይቻልም። በተለመደው መለኪያ ግን ይህ ሰው ከኪሳራ ይቆጠራል።

7. ከኢትዮጵያ አንጻር

በኢትዮጵያ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሠልጣኝ የመመረቂያ ጥናት ማቅረብ ይጠበቅበታል። ይህም የሚሠራው ከተረኝነትና ከክሊኒክ ሥራ ጋር ጎን ለጎን ነው። ከአሜሪካው ልማድ የሚለየውም በዚህ ነው፤ በአንድ በኩል ምርምር የጥቂቶች ሳይሆን የሁሉም ግዴታ ነው፤ በሌላ በኩል የተለየ ጊዜ አይሰጠውም። ከ1962 ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የሀገር ውስጥ ጥናት ማቅረቢያ መድረክ ሆኖ ቆይቷል።

ግዴታው ለሁሉም መሆኑ ለጥናት የሚመች ዕድል ነው፤ የምርጫ አድልዎን ይቀንሳልና። የዋንገንስቲን ምሳሌም እዚህ ላይ ትርጉም አለው። የእርሳቸው ትልቁ ውለታ ውድ ማሽን አልነበረም፤ በተዘጋ አንጀት ለሚሠቃዩ ታካሚዎች በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ አየርና ፈሳሽ መምጠጥ ነው። የሆድ መነፋት በአብዛኛው ከሚዋጥ አየር እንደሚመጣም በእንስሳት ሙከራ አሳይተዋል። በኢትዮጵያ የአንጀት መዘጋትን ከሚያስከትሉት ቀዳሚ ምክንያቶች አንዱ በተለምዶ የአንጀት መታጠፍ የሚባለው የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ ነው። ለዚህ ችግር የሚሆን ጥያቄ ከሩቅ አይመጣም፤ ሌሊት በድንገተኛ ክፍል በር ላይ የቆመው ሠልጣኝ ያየዋል።

8. ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳብ

ጥናቱ እንደሚያመለክተው በሥልጠና ወቅት የተካሄደ ምርምር በኋለኛው ሕይወት ፍሬ የሚያፈራው ጥያቄው ከታካሚ ሲነሣ፣ ዘዴው በብቃት ሲቀሰም እና ሠልጣኙ የሚመራውና የሚያግዘው ሰው ሲያገኝ ነው። ዓመቱ ራሱ ዕቃ ነው፤ ዋጋው የሚወሰነው በሚያዝበት ነገር ነው። በቁጥር የሚታየው ተዛምዶም የምርምሩ፣ የፍላጎቱና የዕድሉ ድምር ስለሆነ ለምርምሩ ብቻ ሊሰጥ አይገባም።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል። አንደኛ፣ የመመረቂያ ጥናት ለሚሠሩ ሠልጣኞች አጭርም ቢሆን በተረኝነት የማይነካ ጊዜ ቢመደብ፤ ጊዜው ከተመደበ በኋላ በሠራተኛ እጥረት ምክንያት መልሶ እንዳይወሰድ ጥበቃ ቢደረግለት። ሁለተኛ፣ በተከታታይ ዓመታት የሚገቡ ሠልጣኞች በአንድ የጋራ ጥያቄ ላይ ተቀባብለው ቢሠሩ፤ የአንዱ ጥናት ለሌላው መነሻ ይሆናልና። ሦስተኛ፣ የስታቲስቲክስ፣ የመዝገብና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ድርሻ በጽሑፎቹ ላይ በስም ቢመዘገብ። አራተኛ፣ የትምህርት ክፍሎች የተመራቂዎቻቸውን የሙያ ጉዞ በየአምስት ዓመቱ ቢከታተሉ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይቀድማል፤ ተመራቂው የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ሥልጠናው ምን እንዳፈራ መናገር አይቻልምና።